ውሃ እየዞረበት ባለ የቺለር ቧንቧ ላይ መበየድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከበያጆች፣ ከጥገና ሠራተኞችና ከሕንፃ ኃላፊዎች ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

የቺለር ውሃ ቧንቧ የሚባለው የትኛው ነው?

ትልልቅ ሕንፃዎችን፣ ሆስፒታሎችን፣ የሰርቨር ክፍሎችንና ፋብሪካዎችን የሚያቀዘቅዘው መስመር ነው። ቺለሩ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፣ ፓምፑ ይገፋዋል፣ ውሃው በየፎቁ ዞሮ ሙቀት ተሸክሞ ይመለሳል። በተለምዶ ሲሄድ 6 ወይም 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሲመለስ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። መስመሩ ዝግ ስለሆነ ያው ውሃ ነው ደጋግሞ የሚዞረው።

ቧንቧው ብዙውን ጊዜ ተራ ጥቁር ብረት ሲሆን ከላይ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት የማያሳልፍ ሽፋን፣ ለብሷል። እዚህ የምናወራው ስለዚህ ብረት ብቻ ነው። የመዳብ ቧንቧ ውሃ እያለበት አይያዝም፤ ውሃው ሙቀቱን ስለሚነጥቀው መሙያው አይቀልጥም።

ውሃ እያለበት መበየድ በእርግጥ ይቻላል?

ይቻላል። በነዳጅና በጋዝ መስመሮች ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ነገር ነው፤ የራሱ ደንቦችም አሉት። ሆት ታፕ ስለሚባለው ሥራ፣ ማለትም መስመር ሳይቆም ቧንቧ በስቶ ቅርንጫፍ ስለ ማውጣት፣ የሚናገረው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም (ኤፒአይ) ደንብ ኤፒአይ 2201 አንዱ ነው። መስመር ሳይቆም ስለሚደረግ ብየዳ ደግሞ ኤፒአይ 1104 ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ለሕንፃ ቧንቧዎች የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ኤኤስኤምኢ ቢ31.9 ይጠቀሳል።

ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። መስመሩ በእርግጥ መቆም አይችልም? ብዙ ጊዜ «አይቆምም» የሚባለው ማንም ቁጭ ብሎ ስላላሰበበት ነው። ሌሊት ለ4 ሰዓት ያህል ማቆም ይቻል ይሆናል። ተለዋጭ መስመር ይኖራል። በቦልት የሚታሰር ክላምፕ እስከ ቀጣዩ ጥገና ድረስ ሊያቆየው ይችላል። በቦልት የሚታሰር ሳድልም አለ፤ ያለ ምንም ብየዳ ቅርንጫፍ ለማውጣት ያስችላል። ውሃ ባለበት መበየድ እነዚህ ሁሉ ታይተው አልሆን ሲሉ የሚመጣ ምርጫ ነው።

የውሃው ግፊት ቧንቧውን አያፈነዳውም?

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። እስኪ በቁጥር እንየው። ባለ 6 ኢንች ስኬጁል 40 ቧንቧ (ስኬጁል የግድግዳ ውፍረት ደረጃ ነው) የውጭ ስፋቱ 168.3 ሚሊሜትር፣ የግድግዳ ውፍረቱ 7.11 ሚሊሜትር ነው። በውስጡ 10 ባር ግፊት ቢኖር ብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ሜጋፓስካል ነው። የተለመደው ኤ53 ግሬድ ቢ ብረት እስከ 240 ሜጋፓስካል ድረስ ቅርጹን ሳይለቅ ይሸከማል። ማለትም ጫናው ከአቅሙ አንድ ሃያኛ ነው።

ስለዚህ ቧንቧው በሙሉ ይፈነዳል የሚለው ስጋት ዋናው አይደለም። ዋናው አደጋ ከኤሌክትሮዳችሁ ጫፍ ሥር ያለችው ትንሽዬ ቦታ ናት። እዚያ ብረቱ ቀልጧል። ከቀለጠው ሥር የቀረው ስስ ብረትም በሙቀት ለስልሷል። ያ ስስ ክፍል ግፊቱን መሸከም ሲያቅተው ይበሳል። ከዚያ ውሃው በቀለጠው ብረት ውስጥ እየተረጨ ይወጣል፤ እንፋሎትና የቀለጠ ብረት ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል።

ግፊቱን መቀነስ የሚቻል ከሆነ ግን ቀንሱ። ከተበሳም የሚረጨው ይቀንሳል።

ታዲያ ምን ያህል ውፍረት ይበቃል?

ኤፒአይ 2201 ለአብዛኛው ሥራ የሚመክረው ትንሹ ውፍረት 4.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከ6.4 ሚሊሜትር በላይ ሲሆንና ኤሌክትሮዱ ዝቅተኛ ሃይድሮጂን፣ ማለትም ሽፋኑ ትንሽ ሃይድሮጂን ብቻ የሚለቅ፣ ሲሆን የመብሳት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

አሁን ይህን ቁጥር ይዛችሁ ቧንቧዎቻችሁን ተመልከቱ። ባለ 4 ኢንች ስኬጁል 40 አዲስ ሳለ 6.02 ሚሊሜትር ነው። ባለ 3 ኢንቹ 5.49 ነው። ባለ 2 ኢንቹ 3.91 ብቻ ነው። ይህ ማለት ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ከፋብሪካ እንደወጣ እንኳን ከወሰኑ በታች ነው። ትንንሽ ቅርንጫፎች ላይ «ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይያዛል» የሚል ሰው ካለ አስቁሙት። ትንሹ ነው አደገኛው።

ውፍረቱን እንዴት ነው የምለካው?

በአልትራሳውንድ መለኪያ። ዝገቱንና የላላውን ቀለም አንሱ፣ ጄል ቀቡ፣ መለኪያውን አስቀምጡ። አንድ ቦታ ለክቶ «7 ነው፣ ይበቃል» ማለት ግን አለመለካት ነው። ብየዳው የሚያርፍበትን መስመር በኖራ ሳሉ። በዚያ መስመር ላይና በግራ ቀኙ በየ2 ሴንቲሜትሩ ነጥብ አድርጉ። ነጥቡን ሁሉ ለኩ፣ ቁጥሩን እዚያው ብረቱ ላይ ጻፉ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ስንለካ 7.1፣ 7.0፣ 6.9፣ 7.0 እያለ ይሄዳል። ረዳቴ «በቃ፣ ደህና ነው» አለ። ወደ ቧንቧው ሆድ ዞር ስንል 3.8 መጣ። ጄል ጨምረን ደገምነው፤ 3.8። ከውጭ ሲታይ ምንም የለውም፤ ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ከውስጥ ግን ደለል ተቀምጦበት ሥሩን በልቶታል። ዞረን ባንለካ ኖሮ ቅስቱን (ብረቱን የሚያቀልጠውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የምንጀምረው እዚያው ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታችኛውን ጎን፣ ማለትም የሰዓቱን 6፣ ሳልለካ ፈቃድ ላይ አልፈርምም።

ከውጭም የሚበላ አለ። ኢንሱሌሽኑ የተቀደደበት ቦታ እርጥበት ይገባና ከሥሩ ይዝጋል። ዝገቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ከሆነ መለኪያው ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ ጉድጓዱን ስቶ አጠገቡን ያነብባል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቦታ ቀይሩ እንጂ አትከራከሩ።

ውሃው ይዙር ወይስ ይቁም? ሁለቱን ቫልቭ ዘግቼ ብበይድስ?

ሁለቱን ቫልቭ ዘግቶ፣ መሃሉን ውሃ እንደ ሞላ ትቶ መበየድ ከሁሉም የከፋው ነው። ውሃው መሄጃ የለውም። ታፍኖ የተያዘ ውሃ በ20 ዲግሪ አካባቢ አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ግፊቱ ወደ 3 ባር ሊጨምር ይችላል። አሥር ዲግሪ ቢሞቅ ምን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። «ቫልቭ ዘግቼበታለሁ፣ ሰላም ነው» የሚለው ሰው ቦምብ ነው የሠራው። ከተዘጋ የግድ ወደ አየር የሚከፈት ማንፈሻ ይኑረው፤ የተከፈተ መሆኑም በዓይን ይታይ።

ሞልቶ የሚዞር ውሃ ግን ለብየዳው ያግዛል። ሙቀቱን ስለሚወስድ የውስጠኛው ግድግዳ ከልክ በላይ አይግልም። በጥናት እንደታየው በዝቅተኛ ሃይድሮጂን ኤሌክትሮድ ሲበየድ የውስጠኛው ገጽ ከ980 ዲግሪ ገደማ በታች ከሆነ የመብሳት ዕድሉ ትንሽ ነው። የሚዞር ውሃ ከዚህ በጣም ዝቅ ያደርገዋል። ዋጋውን ግን በሌላ በኩል ያስከፍላል፤ ስለ ስንጥቅ ስናወራ እንመለስበታለን።

ለዚህ ነው ፍሰቱ መጠነኛና የማይለዋወጥ ይሁን የሚባለው። ከኦፕሬተሩ ጋር ተነጋገሩ። ብየዳው እስኪያልቅ ፓምፕ አይነሳ፣ አይቁም፣ ቫልቭ አይነካ። ፍሰቱ ከቺለሩ ዝቅተኛ ወሰን በታች ቢወርድ ቺለሩ ራሱን ያጠፋል፤ መከላከያው ካልሠራ ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ ቱቦዎቹን ሊሰነጥቅ ይችላል። ፍሰትና ግፊት የሚቀያይር ሰው በሬዲዮ ከበያጁ ጋር መገናኘት አለበት።

ቧንቧው ሞልቶ ይሁን አይሁን እንዴት አውቃለሁ?

አግድም የተዘረጋ ቧንቧ አናቱ ላይ አየር ሊይዝ ይችላል። አየር ያለበት ቦታ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ማቀዝቀዝ የለም። ብየዳው የታቀደው ቧንቧው ሞልቷል ተብሎ ነው፤ አናቱ ላይ ግን በባዶ ግድግዳ ላይ እየሠራችሁ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በከፍታ ቦታዎች ያሉትን የአየር ማስወጫዎች ክፈቱ፤ ውሃ ብቻ እስኪወጣ ጠብቁ። የአየር ማስወጫውን ስትከፍቱ ደግሞ አጠገቡ እሳት አይኑር። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻ አካባቢ አለ።

ቧንቧው እያላበ ነው። ደርቆ አይደርቅም። ምን ላድርግ?

ይህ የቺለር መስመር የራሱ ጣጣ ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ቢሆን ጤዛ የሚጀምረው 16.7 ዲግሪ ላይ ነው። ቧንቧው 7 ዲግሪ ነው። ኢንሱሌሽኑን እንደገፈፋችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ይላበዋል። በጨርቅ ስትጠርጉት ያብረቀርቃል፤ ዞር ብላችሁ ኤሌክትሮድ ይዛችሁ ስትመለሱ ነጠብጣቡ እንደገና ተደርድሮ ይጠብቃችኋል።

እርጥብ ብረት ላይ መበየድ ብየዳውን አረፋ አረፋ ያደርገዋል፤ ሃይድሮጂንም ያስገባበታል። መፍትሔው መጠነኛ ነበልባል ይዞ ማድረቅና ሳይዘገዩ መጀመር ነው። አንዱ ያደርቃል፣ ሌላው ተከትሎ ይበይዳል። ከተቻለ የመስመሩን ውሃ ለጥቂት ሰዓት ከጤዛው ነጥብ በላይ ማሞቅ ይሻላል። በአካባቢው ደረቅ አየር መንፋትም ይረዳል፤ ነገር ግን ንፋሱ ቅስቱን እንዳይነካው። ከላይ ካለው ኢንሱሌሽን ጫፍ የሚንጠባጠበውንም አትርሱ። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠምጥሙ፤ ከቅስቱ ግን ይራቅ።

የትኛውን ኤሌክትሮድ ልጠቀም?

ዝቅተኛ ሃይድሮጂን የሆነውን፣ ማለትም 7018 የሚባለውን ዓይነት። 6010 የሚባለው ሌላው ዓይነት በእርጥብና በቆሸሸ ነገር ላይ «ይይዛል» ተብሎ ይወደዳል፤ ጠልቆ ስለሚገባም ብዙ በያጅ ይመርጠዋል። እዚህ ግን ሁለቱም ባሕርያቱ ይጎዱናል። ጠልቆ መግባቱ ለመብሳት ቅርብ ያደርጋል። ሽፋኑ ደግሞ ብዙ ሃይድሮጂን ይለቃል።

ለስስ ግድግዳ ለመጀመሪያው የብየዳ ዙር ባለ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል። አምፔሩን ዝቅ አድርጉ፣ እጃችሁን ሳታወዛውዙ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ አንድ ቦታ ላይ አትቆዩ። ቅስቱን የምትጀምሩት በሚገጠመው ዕቃ ላይ ይሁንና ወደ ቧንቧው ምሩት። ቧንቧው ላይ መኮርኮር ክልክል ነው።

7018 ደረቅ ካልሆነ 7018 አይደለም። ፓኮው ከተከፈተ በኋላ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ባለ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል። ከምድጃ ከወጣ በኋላ ተራውን 7018 ከ4 ሰዓት በላይ አየር ላይ አታቆዩት። በሚያልብ ቧንቧ አጠገብ መሬት ላይ የተጣለ ኤሌክትሮድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«ውሃው ይሰነጥቀዋል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቀድሜ ያልኩት ዋጋ ይህ ነው። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ቀጥቃጭ የሚያውቀው ነገር ነው። እዚህም ያው ነው የሚሆነው። ከብየዳው ጎን ያለው ብረት በቀይ ግለት ላይ እያለ ከጀርባው 7 ዲግሪ ውሃ ይነጥቀዋል። ይጠነክራል፣ ተሰባሪም ይሆናል። በዚያ ላይ ሃይድሮጂን ካለ፣ በዚያ ላይ ብየዳው ሲቀዘቅዝ የሚፈጥረው መሳሳብ ካለ፣ ስንጥቅ ይመጣል። ሦስቱ ሲገናኙ ነው። ጥንካሬው ቪከርስ በሚባለው መለኪያ ሲለካ ከ350 በላይ ከሆነ አደጋው ጎላ ይላል።

ቀድሞ ማሞቅ ሌላ ቦታ ይረዳል። እዚህ ውሃው ሙቀቱን ስለሚወስደው እምብዛም አይሠራም፤ ለማድረቅ ነው የሚጠቅመው። ስለዚህ የምንቆጣጠረው ሌሎቹን ሁለቱን ነው። ሃይድሮጂኑን በደረቅ ኤሌክትሮድና በደረቅ ብረት። መሳሳቡን ደግሞ በደንብ ተገጣጥሞ ክፍተት በሌለው ዕቃ። የብረቱ ካርቦን ከፍ ያለ ከሆነ፣ ወይም ምን ብረት እንደሆነ ሰነዱ ከጠፋ፣ ናሙና ሳይመረመር አትጀምሩ። በላዩ የሚደረደሩት ተከታታይ ዙሮች የታችኛውን ዙር መልሰው እያሞቁ ጥንካሬውን ያለሰልሱታል። የዙሮቹ አቀማመጥ ተጽፎ በሚዘጋጀው የብየዳ ሥርዓት ውስጥ የሚካተተው ለዚህ ነው። ያ ሥርዓት ውሃ በሚዞርበት ናሙና ቧንቧ ላይ ተሞክሮ መሆን አለበት። በደረቅ ቧንቧ የተፈተነ በያጅና ሥርዓት ለዚህ ሥራ ተፈትኗል አይባልም።

ኢንሱሌሽኑን ምን ያህል ልግፈፍ?

እሳት የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ፎሙ፣ ማጣበቂያውና የእርጥበት መከላከያ ሽፋኑ ይቃጠላሉ። ፖሊዩረቴን ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሲያናይድ ይለቃል፤ ጠባብ ኮርኒስ ውስጥ ያለ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። እኔ በሁለቱም በኩል ቢያንስ አንድ ሜትር እገፍፋለሁ፤ የቀረውን ጫፍ ደግሞ እሳት በማይበላው ብርድ ልብስ እሸፍናለሁ። አዲስ ማጣበቂያ የተቀባበት ክፍል ውስጥ ትነቱ ሳይወጣ አትጀምሩ።

ፎም ውስጥ ገብታ የምትጤስ ብልጭታ ወዲያው አትታይም። ቆይታ ነው የምትነሳው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ኤንኤፍፒኤ 51ቢ ከ2019 እትሙ ጀምሮ ሥራው ካለቀ በኋላ እሳት ጠባቂው ቢያንስ 60 ደቂቃ እንዲቆይ ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት 30 ደቂቃ ነበር። ተቀጣጣይ ነገር ከ11 ሜትር ክልል ይውጣ፤ የማይወጣው ይሸፈን። ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ቧንቧ ከሆነ በወዲያኛው በኩልም ሰው ይቁም።

ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ናቸው። ይዞኝ እንዳይቀር እፈራለሁ።

መፍራትህ ልክ ነው። ልብስህ በላብ፣ ጓንትህ በጤዛ፣ ወለሉ በፈሰሰ ውሃ ርሷል። የብየዳ ማሽን በርቶ ሳይበየድበት በጫፉ ላይ 80 ቮልት ገደማ ሊኖረው ይችላል። ለደረቅ ሰው ትንሽ ይመስላል። ለረጠበ ሰው ይገድላል። በዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ጅረት፣ ሥሩ። ቮልቴጅ የሚቀንስ መከላከያ ያለው ማሽን ካለ እሱን ውሰዱ። የጎማ ምንጣፍ ወይም ደረቅ እንጨት ላይ ቁሙ። ትርፍ ደረቅ ጓንት ይዛችሁ ግቡ፤ አንዱ ሲርስ ቀይሩ። ኤሌክትሮድ የምትቀይሩት በደረቅ ጓንት ነው።

ማሳውን (ጅረቱ ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን ገመድ) ከብየዳው ቦታ አጠገብ፣ በተፋቀ ብረት ላይ እሰሩ። ሩቅ ከታሰረ ጅረቱ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። በፓምፕ ኩሽኔታ ወይም በፍሎው ሜትር ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ኩሽኔታው በማግስቱ መጮህ ሲጀምር ማንም ከብየዳው ጋር አያያይዘውም።

ቺለሩ ካለበት ክፍል ውስጥ ልበይድ ነው። ሌላ የሚያሰጋ አለ?

አለ፤ የማቀዝቀዣው ጋዝ። ብዙዎቹ ሽታ የላቸውም፣ ከአየርም ይከብዳሉ፤ ወለል ላይ ይተኛሉ። ጋዙ ቅስት ወይም ነበልባል ሲያገኘው ይፈራርሳል። ፍሎሪን ያለበት ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይለቃል፤ እሱ ሳንባን ያቃጥላል። ክሎሪንም ያለባቸው፣ እንደ አር-22 እና አር-123 ያሉት፣ ፎስጂን ሊጨምሩበት ይችላሉ። እንደ አር-32 ያሉት አዳዲሶቹ ደግሞ በመጠኑ ይቀጣጠላሉ። ስለዚህ ቅስት ከመለኮሱ በፊት በጋዝ መፈለጊያ ክፍሉ ይፈተሽ፣ አየር ማውጫው ይሥራ። በመሃል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ሹል ሽታ ከመጣ ምክንያት አትፈልጉ፤ ውጡ።

ትንሽ ቀዳዳ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ነጥብ ብየዳ ላድርግበት?

አይሆንም። ቀዳዳው ብቻውን አልመጣም። ግድግዳው በዙሪያው አልቆ፣ መጀመሪያ የተሸነፈችው ነጥብ ናት የምታፈሰው። ዙሪያውን ለኩት፤ 2 ወይም 1 ሚሊሜትር ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ቅስት ብታስነሱ ጠብታዋ ፏፏቴ ትሆናለች። ለጊዜው ጎማ ያለው ክላምፕ እሰሩበት። ዘላቂ ከተፈለገ ጤነኛ ውፍረት ያለበት ቦታ ድረስ የሚደርስ ሁለት ግማሽ ማቀፊያ አልብሱትና ጫፎቹን እዚያ ጤነኛው ላይ በይዱ። መጀመሪያ ሁለቱ የርዝመት ስፌቶች፣ ቀጥሎ አንዱ የዙሪያ ጫፍ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላኛው። ሁለቱ የዙሪያ ጫፎች በአንድ ጊዜ አይበየዱም፤ ማቀፊያው ሲቀዘቅዝ በነፃነት መሳብ አለበት።

ውሃውን አፍስሼ ነበር፤ ግን እየመጣ ነው። ከየት ነው?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራስ ሰር መሙያው ነው። ግፊት ሲወርድ ከፍቶ ውሃ ይጨምራል፤ ሥራው ነው። እናንተ ታፈሳላችሁ፣ እሱ ይሞላል። ዝጉት፣ ቁልፍ አስሩበት፣ ካርድ አንጠልጥሉበት። ቀጥሎ የማስፋፊያ ታንኩን እዩ። ሦስተኛው የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። የድሮ ቢራቢሮ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል ብላችሁ ሕይወታችሁን አታስይዙበት፤ በሁለት ቫልቭ ዝጉና መሃላቸውን ክፍት አድርጉ፤ የሚያልፈው በዚያ ይውጣ።

ጨርቅ ጠቅልሎ ቧንቧ ውስጥ መወተፍ የተለመደ ነው። አንድ ጊዜ ፓምፕ አልገፋ ብሎ ማጣሪያውን ስንከፍት፣ ከወራት በፊት የተረሳ የጨርቅ ቁራጭ አውጥተናል። በሜካኒካል የሚጠብቅ መሰኪያ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ውሃውን በረዶ አድርጎ መዝጋትም ይቻላል፤ በፈሳሽ ናይትሮጂን ወይም በደረቅ በረዶ። ውሃው ፈጽሞ መቆም አለበት፤ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በረዶው አይያያዝም። ግላይኮል (ውሃ በረዶ እንዳይሠራ የሚጨመር ፈሳሽ) ካለበት ደግሞ በቀላሉ አይጠነክርም። የቀዘቀዘውን ብረት በመዶሻ አትንኩት፤ በዚያ ቅዝቃዜ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ብየዳውም ሙቀቱ በረዶውን እንዳይደርሰው ራቅ ብሎ ይሁን።

ውሃ እየዞረ ቅርንጫፍ ማውጣት እፈልጋለሁ። ሆት ታፕ እንዴት ነው የሚሄደው?

ቦታው ይመረጣል፤ ከፍላንጅና ከጥርስ መጋጠሚያ ቢያንስ 45 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ በቧንቧው የራሱ ስፌት ላይም አይረፍ። ይለካል። መጋጠሚያው ይበየዳል። ብየዳው ይመረመራል። ቫልቩ ይገጠማል። ከዚያ፣ ቧንቧው ሳይበሳ፣ መጋጠሚያው ለብቻው በግፊት ይፈተናል። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ከተቆረጠ በኋላ ቢያፈስ መመለሻ የለውም። የፈተናው ግፊት ግን የቧንቧውን ግድግዳ ወደ ውስጥ እንዳያጎብጠው ይሰላ።

በመጨረሻ ማሽኑ በተከፈተው ቫልቭ ገብቶ ይቆርጣል፣ ወጥቶ ቫልቩ ይዘጋል። የተቆረጠችው ክብ ብረት ከማሽኑ ጋር መውጣቷን በዓይናችሁ እዩ። ውስጥ ከቀረች ከፍሰቱ ጋር ሄዳ የሆነ ቦታ መሰንቀሯ አይቀርም።

ውሃ አይቃጠልም። ታዲያ የቧንቧው ውስጥ ለምን ይፈተሻል?

ውስጡ ያለው ንፁህ ውሃ ስላልሆነ ነው። ዝግ መስመር ውስጥ ብረት ሲዝግ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል። ባክቴሪያ ካለ ሃይድሮጂን ሰልፋይድም ሊኖር ይችላል። እነዚህ ጋዞች ከፍታ ቦታ ላይና ፍሰት በሌለው የሞተ ጫፍ ላይ ይጠራቀማሉ። ሃይድሮጂን ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ቀደም ብዬ የአየር ማስወጫው አጠገብ እሳት አይኑር ያልኩት። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ጫፍን በግራይንደር ወይም በነበልባል አትቁረጡ፤ መጀመሪያ ክፈቱት፣ በጋዝ መለኪያ ፈትሹት።

ግላይኮል ያለበት መስመር ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ውሃ ተቀላቅሎበት ሳለ በቀላሉ አይነድም። ውሃው ተንኖ ግላይኮሉ ሲከማች ግን ትነቱ ይቀጣጠላል። ፈስሶ ደርቆ ኢንሱሌሽን ውስጥ የጠጣው ግላይኮል ለእሳት የተዘጋጀ ነው። የረጠበውን ኢንሱሌሽን ሁሉ አውጡ።

ብየዳው አለቀ፣ አያፈስም። ኢንሱሌሽኑን ልመልስ?

ገና ነው። በሃይድሮጂን የሚመጣው ስንጥቅ ቆይቶ ነው የሚከፈተው፤ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ጠብቁና በማግኔት ዱቄት ወይም በቀለም ፈትሹ፤ በተለይ የብየዳውን ከንፈር፣ ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበትን። ቧንቧው እያላበ ስለሆነ ከመፈተሹ በፊት እንደገና ይድረቅ፤ እርጥብ ላይ የቀለም ፈተና ምንም አያሳይም።

እስከዚያ ድረስ ባዶውን ያልበዋል፤ ከሥሩ መቀበያ አድርጉለት። ፍተሻው ሲያልቅ አድርቁት፣ ዝገት የሚከለክል ቀለም ቀቡት፣ ቀለሙ ሲደርቅ ኢንሱሌሽኑን አልብሱት። የእርጥበት መከላከያው መጋጠሚያ አንድም ቀዳዳ ሳይቀር ይታሸግ። የለካችኋቸውን ውፍረቶችና የብየዳውን ቀን ከኢንሱሌሽኑ ውጭ በማይለቅ ጽሑፍ አስፍሩ፤ ከዓመታት በኋላ ያንን ቦታ የሚገፍፍ ሰው ከሥሩ ምን እንዳለ አውቆ ይጀምራል።